ክላፕተን፣ ቮን ወይስ ሜየር? በሙዚቀኛ ስም የሚሠሩ ሦስት ጊታሮች በድምፅና በአጨዋወት ሲነጻጸሩ

በሙዚቀኛ ስም የሚሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ በተጫዋቾች አነጋገር ሲግኔቸር ሞዴል የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀለሙ ተለውጦና በአናቱ ላይ ፊርማ ታትሞበት ከተራው ሞዴል በላቀ ዋጋ የሚሸጥ ጊታር ሲሆን፣ ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ሁለተኛው ግን አንድ ሙዚቀኛ በዓመታት የመድረክ ሥራ ያስቸገረውን ነገር ለይቶ፣ በአንገቱ ቅርጽ፣ በፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በሚቀይረው ክፍል) ወይም በውስጥ በተገጠመው ሰርኪዩት መልስ እንዲያገኝ ያደረገበት መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ጊታር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ለሙዚቀኛው ያለውን አድናቆት ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ፣ የሙዚቀኛው ችግር የእርሱም ችግር መሆን አለመሆኑን ቢመረምር ይጠቀማል። ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ጊታሮችን የማነጻጽረው በዚሁ ዓይን ነው።

ልማዱ አሮጌ ነው። የጊታር አምራቹ ጊብሰን በ1952 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ሌስ ፖል ራሱ በጊታር ተጫዋቹ በሌስ ፖል ስም የተጠራ ሲግኔቸር ሞዴል ነበር፤ ዛሬ ስሙ የሰው ስም መሆኑን ሳያውቅ የሚጫወትበት ሰው ጥቂት አይደለም። ሌላው አምራች ፌንደር በአንጻሩ የመጀመሪያውን ሲግኔቸር ሞዴል ያወጣው በ1988 ሲሆን፣ እርሱም የኤሪክ ክላፕተን ስትራቶካስተር ነው። የስቲቪ ሬይ ቮን ስትራቶካስተር በ1992 ተከተለ፤ ሙዚቀኛው በሄሊኮፕተር አደጋ የሞተው በነሐሴ 1990 ነበርና ጊታሩ በገበያ ላይ ሲውል ለማየት አልታደለም። ሦስተኛው፣ ጆን ሜየር ፒአርኤስ ከተባለው ጊታር አምራች ጋር የሠራው ሲልቨር ስካይ፣ በ2018 ወጣ፤ በ2022 ደግሞ ኤስኢ የሚባለው፣ በኢንዶኔዥያ የሚሠራውና ዋጋው ዝቅ ያለው ታናሽ ወንድሙ ተጨመረለት።

እነዚህን የመረጥኩት የአንድ ቤት ልጆች ስለሆኑ ነው። የሦስቱም መነሻ በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር (በአጭሩ ስትራት) ነው፤ የሦስቱም ክር ከነት (በአናቱ ሥር ካለው የክር መደገፊያ) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ እስካለው መደገፊያ) 648 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ሦስቱም ሦስት ፒክአፕና አምስት ቦታ ያለው መምረጫ አላቸው፤ አካላቸው ከአልደር እንጨት ሲሠራ በብሎን የሚገጠመው አንገታቸው ከሜፕል ነው። ከዚህ የሚለየው ኤስኢው ብቻ ነው፤ የእርሱ አካል ፖፕላር ነው። ሌስ ፖልን ከስትራት ጋር ለሚያወዳድር ሰው ልዩነቱ ገና በመጀመሪያው ኮርድ ስለሚሰማው መመሪያ አያስፈልገውም። አስቸጋሪው በወንድማማቾች መካከል መምረጥ ነው፤ ልዩነቱ በሚሊሜትርና በጥቂት የሰርኪዩት ክፍሎች ውስጥ ተደብቋልና።

ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ችግሮች

ክላፕተን ከ1970 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የተጫወተበት ብላኪ የተባለው ጥቁር ስትራት፣ ከሦስት አሮጌ ጊታሮች የተሻሉት ክፍሎች ተመርጠው የተገጣጠመ ነበር። ይህ ጊታር አርጅቶ ከመድረክ ሲገለል፣ በምትኩ የመጣው ሲግኔቸር ሞዴል ሁለት ነገሮችን ማሟላት ነበረበት። አንደኛው ጀርባው እንደ ጀልባ ሆድ በለስላሳው የሾለ አንገት ነው። ሁለተኛው ከስትራት ጥርት ያለ ድምፅ ተነስቶ፣ ጊታር ሳይቀይሩና ፔዳል ሳይረግጡ፣ ባለሁለት ጥቅል ፒክአፕ ወደሚሰጠው ወፍራምና ቆይታ ያለው ድምፅ መሻገር ነው። ክላፕተን የትሬሞሎ ዘንግ (ብሪጁን እያነቃነቀ ቅኝቱን ለጊዜው የሚያወዛውዘውን) ስለማይጠቀም፣ ብሪጁ እንዳይንቀሳቀስ ከኋላ በኩል በእንጨት ተወትፎ ነው የሚወጣው።

የቮን ችግር የኃይል ችግር ነበር። ቀጭኑ ክሩ ብዙ ጊዜ 0.013 ኢንች ውፍረት ነበረው፤ ቅኝቱን በግማሽ ቶን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ወፍራም ክር ላይ ሰፊ ቤንድ ይጎትት ነበር፤ ቤንድ ማለት ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ኖታውን ከፍ ማድረግ ነው። እንዲህ ላለው እጅ ቀጫጭን ፍሬትና (በሰሌዳው ላይ የተተከሉት አግድም ብረቶች) በጣም የጎበጠ ሰሌዳ (ጣት ክሩን የሚጫንበት የአንገቱ ገጽ) አይሆንም። ስለዚህ ሞዴሉ ሰፋፊና ከፍታ ያላቸው ፍሬቶች፣ ዘርጋ ያለ ሰሌዳ፣ ከተለመደው በላይ ሽቦ የተጠቀለለባቸው ፒክአፖችና ለግራኝ ተጫዋች የተሠራ ትሬሞሎ ይዞ መጣ። የመጨረሻው ነገር ከጂሚ ሄንድሪክስ ፍቅር የመጣ እንጂ ምንም የቴክኒክ አስፈላጊነት የለውም፤ ሄንድሪክስ ግራኝ ስለነበር ዘንጉ ከወፍራሙ ክር በኩል ይውል ነበር።

ሜየር የፈለገው ከሁለቱ የተለየና ምናልባትም ለማስረዳት የሚከብድ ነገር ነው። መለኪያ ያደረገው በ1963 እና በ1964 የተሠሩ ስትራቶችን ሲሆን፣ የእነዚያን የእጅ ስሜትና ጥርት ያለ ድምፅ እንዳለ ጠብቆ፣ ጆሮ የሚወጋውን የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ማለዘብ ነበር ዓላማው። በሰርኪዩቱ ውስጥ ባትሪ የለም፣ የተደበቀ ማብሪያ የለም። ለዚህ ነው ሲልቨር ስካይን መጀመሪያ ሲይዙት ምንም አዲስ ነገር የሌለው የሚመስለው፤ ሥራው ሁሉ ያለው በማስተካከያው ውስጥ ነው።

አንገቱ

ከድምፅ በፊት አንገትን ማስቀደም ይገባል ብዬ አምናለሁ። ያልተስማማ ፒክአፕ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቀየራል፤ ያልተስማማ አንገት ግን ጊታሩ እስኪሸጥ ድረስ አብሮ ይኖራል። በዚህ ረገድ ሦስቱ ጊታሮች የሚራራቁትን ያህል በሌላ በምንም አይራራቁም።

የክላፕተን አንገት ጀርባ ለስላሳ የቪ ቅርጽ አለው። አውራ ጣቱን በአንገቱ ላይ አሳልፎ ወፍራሙን ክር የሚጫን ወይም ቤንድ ሲጎትት አንገቱን በመዳፉ ጨብጦ የሚይዝ ሰው፣ ሹሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ልክ ስለሚገባለት ወዲያው ይወደዋል። አውራ ጣቱን ከአንገቱ ጀርባ መሐል ላይ አሳርፎ በክላሲካል አያያዝ የሚጫወት ሰው ግን፣ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ሸንተረር ሆኖ ይቆየዋል፤ ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላም ይህ ሸንተረር ሊያደክመው ይችላል። በሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ የሚደረግ ሙከራ ይህን አያሳይም። የቮን አንገት ሞላ ያለ ሞላላ ቅርጽ ሲኖረው፣ የሲልቨር ስካይ አንገት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደነበረው ክብ ቅርጽ ያዘነብላል፤ ሁለቱም ለአብዛኛው እጅ አከራካሪ አይደሉም።

አከራካሪው የሰሌዳው ቅስት ነው። የፍሬትቦርዱ ገጽ ጠፍጣፋ አይደለም፤ የአንድ ክብ ቁራጭ እንደሆነ ቢታሰብ፣ የክቡ ራዲየስ ባነሰ ቁጥር ሰሌዳው ይበልጥ ይጎብጣል። የሲልቨር ስካይ ራዲየስ 184 ሚሊሜትር፣ የኤስኢው 216፣ የክላፕተን 241፣ የቮን ደግሞ 305 ሚሊሜትር ነው። የጎበጠው ሰሌዳ ኮርድ ሲያዝ፣ በተለይም ባሬ ሲደረግ (በአንድ ጣት ብዙ ክሮች ሲጫኑ)፣ የጣትን ተፈጥሯዊ መታጠፍ ስለሚከተል ያሳርፋል። ዋጋውን የሚያስከፍለው በቤንድ ላይ ነው። ቀጭኑ ክር ከሰሌዳው ጠርዝ ወደ መሐል ሲገፋ ወደ ጉብታው ከፍታ እየተጠጋ ስለሚሄድ፣ የክሩ ከፍታ ዝቅ ተደርጎ ከተስተካከለ ከፊት ያለ ፍሬት ይነካውና ድምፁ በድንገት ይታፈናል። መፍትሔው ክሮቹን በትንሹ ከፍ ማድረግ ነው፤ የፌንደር የማስተካከያ መመሪያ ራሱ ይህን ልዩነት ይቀበላል። ለ184 ሚሊሜትር ራዲየስ በ17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2 ሚሊሜትር፣ ለቀጭኑ 1.6 ሚሊሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከ241 እስከ 305 ላለው ግን ሁለቱንም 1.6 ያደርጋል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ክሮቹ ከሰሌዳው ጋር እንዲሳሳሙ የሚወድና ከ15ኛው ፍሬት በላይ የአንድ ቶን ተኩል ቤንድ የሚጎትት ሰው ዋናውን ሲልቨር ስካይ ቢገዛ ከጊታሩ ጋር ሲታገል ይኖራል። ኮርድና አጫጭር የዜማ ሐረጎችን አዋህዶ የሚጫወት፣ ቤንዱ ከአንድ ቶን የማያልፍ ሰው ግን የዚህን ጉብታ ምቾት ሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኝም። የቮን ሰሌዳ ቤንድን ይቅር ይላል፤ ሰፋፊዎቹ ፍሬቶችም ጣት እንጨቱን ሳይነካ ክሩን እንዲይዝ ስለሚያደርጉ ቪብራቶ ቀላል ይሆናል። ነገር ግን ከፍታ ባለው ፍሬት ላይ ጠንክሮ የሚጫን ሰው ሳያውቀው ኖታውን ከቅኝቱ ከፍ ያደርገዋል፤ ይህ በተለይ በኮርድ ላይ ይሰማል። ክላፕተን በመሐል ይቆማል፤ ፍሬቶቹ አነስተኛ ናቸው፣ ቅስቱም መካከለኛ ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ላክል። የክላፕተንና የሲልቨር ስካይ ሰሌዳ 22 ፍሬት ሲኖረው የቮን 21 ብቻ ነው። በመደበኛ ቅኝት የጠፋችው ኖታ በቀጭኑ ክር ላይ ያለችው ከፍተኛዋ ሬ ናት፤ ብሉዝ ለሚጫወት ሰው ከ21ኛው ፍሬት በግማሽ ቶን ቤንድ ስለሚደርስባት አትናፍቀውም። ጽሑፍ እያነበበ የሚጫወት የስቱዲዮ ሙዚቀኛ ግን ሊናፍቃት ይችላል።

ስለ ክር ውፍረት

የቮንን ሞዴል የሚገዙ ብዙዎች ክሩንም እንደ ቮን ማድረግ እንዳለባቸው ያስባሉ። ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። በእኩል ርዝመትና በእኩል ቅኝት የክር ውጥረት ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ከ0.010 ወደ 0.013 ኢንች የተሻገረ ሰው በቀጭኑ ክር ላይ 69 በመቶ ተጨማሪ ውጥረት ይሸከማል። ግማሽ ቶን ዝቅ ማለት ውጥረቱን በ11 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ሁለቱ ተጣምረው ከተለመደው አንድ ጊዜ ተኩል የሚሆን ውጥረት ይተርፋል። ይህ ለጣት ጅማት ቀልድ አይደለም። 0.011 ክር በግማሽ ቶን ዝቅ ተደርጎ ቢታሰር ግን ውጥረቱ ከመደበኛው 0.010 የሚበልጠው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የክሩ ክብደት ለፒክአፑ የሚሰጠው ሙላት ከሞላ ጎደል ይገኛል፣ እጅም አይጎዳም። የቮንን ድምፅ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ክር ሲቀየር በአንገቱ ውስጥ ያለው ብረትና የትሬሞሎው ስፕሪንጎች እንደገና መስተካከል እንዳለባቸውም መዘንጋት የለበትም።

ድምፁ

ሦስቱንም በአንድ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ላይ፣ ያለ ፔዳል፣ ጥርት ባለ ድምፅ ያዳመጠ ሰው ልዩነቱን በመካከለኛው ድምፅ ላይ ያገኘዋል። የሲልቨር ስካይ 635ጄኤም የተባሉት ፒክአፖች ሚዛናዊ ናቸው፤ ወፍራሞቹ ክሮች አያጉረመርሙም፣ ቀጫጭኖቹም አይጮኹም፣ የላይኛው ጠርዝ እንደተሞረደ ብርጭቆ ክብ ነው። ለጣት አጨዋወት፣ ለኮርድ ማጀቢያ፣ ድምፃዊን ሳይሸፍን ከኋላ ለሚሄድ ጊታር ከሦስቱ ይህን አስቀድማለሁ። ያው ባሕርዩ ጉድለቱም ይሆናል፤ በብዙ ጌይን (ድምፁ እስኪሻክር በሚያጎላ ቅንብር) ውስጥ ሲገባ ጨዋ ሆኖ ይቀራል፣ ባልዲ እንደሚደበድብ የሻከረ ድምፅ የሚፈልግ ሰው አያገኝበትም።

የቮን ቴክሳስ ስፔሻል ፒክአፖች ከተለመደው በላይ ስለተጠቀለሉ መካከለኛው ድምፅ ወደፊት ይወጣል፣ የሚላከውም ኃይል ይጨምራል። አምፑ ሊሰነጠቅ ጫፍ ላይ ሲሆን ነው ነፍስ የሚዘሩት፤ በቀስታ ሲመታ ጥርት ይላል፣ ጠንክሮ ሲመታ ይጮኻል፣ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በሙሉ በቀኝ እጅ ይመራል። ለዚህ ግን ጮክ ያለ አምፕ ያስፈልጋል። ቮን በመድረክ ላይ ብዙ አምፖችን አንድ ላይ ያሠራ ነበር፤ ከፊታቸውም የታችኛውን ድምፅ ቀንሶ መካከለኛውን የሚያጎላውን ቲዩብ ስክሪመር የተባለ ፔዳል ያስገባ ነበር። ጊታሩን ብቻ ገዝቶ በመኝታ ቤት ድምፅ ያንን ሙላት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ጥፋቱም የጊታሩ አይሆንም።

የክላፕተን ሞዴል ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ሦስቱ ማዞሪያዎች በቦታቸው ይኑሩ እንጂ ሥራቸው እንደ ተራ ስትራት አይደለም። አንዱ ድምፅ ያበዛል፤ ሁለተኛው ቲቢኤክስ የሚባለው ሲሆን መሐል ላይ የምትሰማ ማቆሚያ አለችው፤ ከማቆሚያዋ በታች እንደ ተለመደው ቶን ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፣ ከማቆሚያዋ በላይ ደግሞ ብሩህነት ይጨምራል። ሦስተኛው ማዞሪያ መካከለኛውን ድምፅ እስከ 25 ዴሲቤል የሚያጎላው ነው። 25 ዴሲቤል በወረቀት ላይ ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ በቮልቴጅ ሲሰላ ግን ወደ 18 እጥፍ ይጠጋል። ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሲሆን ጊታሩ ለስለስ ያለ ስትራት ነው። ወደ ግማሽ ሲደርስ ድምፁ ይወፍራል፣ ኖታው ይቆያል፤ ሙሉ ሲከፈት አምፑን ያለ ምንም ፔዳል ወደ ኦቨርድራይቭ (ወደ ተሰነጠቀ፣ ሻካራ ድምፅ) ይገፋዋል፣ ከስትራትነቱም ይወጣል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ከማጀብ ወደ ሶሎ በትንሿ ጣት የሚሻገር ሰው ይህን አንዴ ከለመደ በኋላ መተው ይከብደዋል። ፔዳሎቹን ለዓመታት ሲያሰናዳ ለኖረ ሰው ግን ይህ ማዞሪያ ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀመጥ ነው፤ ለማይጠቀምበት ነገር እየከፈለ መሆኑን ይወቀው።

ሰርኪዩቱ በባትሪ የሚሠራ መሆኑ ሌሎች ውጤቶችም አሉት። ከጊታሩ የሚወጣው ምልክት ጠንካራ ስለሆነ ረጅም ኬብል ቀጭኑን ድምፅ ብዙም አይበላውም። በአንጻሩ አሮጌ ዓይነት ፈዝ (ድምፅን አብዝተው የሚያሻክሩ) ፔዳሎች ከተራ ፒክአፕ ጋር በቀጥታ መገናኘት ይወዳሉ፤ የጊታሩ ድምፅ ሲቀነስ ፈዙ ጥርት የሚለውም በዚህ ግንኙነት ነው። ባትሪ ያለው ሰርኪዩት በመሐል ሲገባ ይህ ባሕርይ ይጠፋል፣ ፈዙም ይሻክራል። የሄንድሪክስን ዓይነት ፈዝ የሚወድ ሰው በዚህች ምክንያት ብቻ ወደ ቮን ወይም ወደ ሲልቨር ስካይ ሊያዘነብል ይገባዋል። ባለ9 ቮልት ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይሳሳል፣ ይበላሻልም፤ ኬብሉ ተሰክቶ ያደረ ጊታርም ባትሪውን ሲጨርስ ያድራል።

ጉምጉምታውና ትሬሞሎው

ባለአንድ ጥቅል ፒክአፕ ከመብራት መስመር የሚመጣውን፣ እንደየአገሩ 50 ወይም 60 ኸርዝ የሆነውን ጉምጉምታ እንደ አንቴና ይቀበላል። የክላፕተን ሞዴል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌስ ሴንሰር በሚባሉ፣ ከ2001 ገደማ ወዲህ ደግሞ ቪንቴጅ ኖይዝለስ በተባሉ ፒክአፖች ይህን ፈትቶታል፤ የኋለኞቹ ሁለት ጥቅል ሽቦ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ጉምጉምታውን ያጣፋሉ። እንዳዳመጥኩት ከሆነ በዚህ ልዋጭ ከላይኛው ጠርዝ ጥቂት አየር ይጎድላል፤ ባንድ ሙሉ ሲጫወት ግን አይታወቅም። የቮን ፒክአፖች ከጉምጉምታ ነጻ የሚሆኑት በመምረጫው ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የመሐሉ ፒክአፕ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠቅልሏል። በቀሩት ቦታዎች ብዙ ጌይን ለሚጠቀም ሰው፣ በተለይ ቀረጻ በሚደረግበት ክፍል ውስጥ፣ ጉምጉምታው እውነተኛ እንቅፋት ነው።

ትሬሞሎን በሚመለከት አጭር ልሁን። ክላፕተን የተወተፈ ነው፤ እንጨቱን አውጥቶ ዘንግ መግጠም ይቻላል፣ ነገር ግን ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው ክር ቢበጠስ እንኳ የሌሎቹ ቅኝት የሚጸናው። ሲልቨር ስካይ ብሪጁ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ እንዲያርፍ ተደርጎ ስለሚወጣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ብቻ ያገለግላል፣ ክር ሲበጠስም ያው ጥቅም አለው። የቮን ዘንግ ከላይ መሆኑ ፎቶ ላይ ያምራል፤ እጁ በተለመደው ትሬሞሎ የሠለጠነ ሰው ግን ክንዱ ከዘንጉ ጋር ሲጋጭ ይከርማል።

ዋናው ሲልቨር ስካይ ወይስ ኤስኢው

በእነዚህ ጊታሮች ላይ በጣም የሚጠየቀው ጥያቄ ምናልባት ይህ ነው፤ መልሴም ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው አይደለም። ዋናው በአሜሪካ ሜሪላንድ ይሠራል፣ አጨራረሱም በፍሬቶቹ ጠርዝና በቀለሙ ላይ ይታያል። የኤስኢው ፒክአፖች 635ጄኤም ኤስ የሚባሉ ሲሆኑ የዚያው ድምፅ ቤተሰብ ናቸው፤ ልዩነቱን ጎን ለጎን ካላደረጉት በስተቀር በባንድ መሐል ለይቶ ማወቅ ይቸግራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ኤስኢው 216 ሚሊሜትር የሆነ፣ ዘርጋ ያለ ሰሌዳ ያለው መሆኑ ነው። ይህ ዋጋ ለመቀነስ የተደረገ ጉድለት ሆኖ ይቆጠራል፤ እኔ ግን ለአብዛኛው ዘመናዊ ተጫዋች እጅ ርካሹ ጊታር የተሻለ ሰሌዳ ይዟል ብዬ አስባለሁ። የ1963ቱን ስሜት በትክክል ካልፈለጉ በቀር፣ ኤስኢውን ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ ለአምፕ ማዋል በድምፅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል።

ከሦስቱ አንዱም ካልሆነ

አንዳንድ ሰው የስትራት ቤተሰብ ፈጽሞ የማይመልሰው ችግር ይኖርበታል። ወፍራም፣ ቆይታ ያለውና ጸጥ ያለ የሮክ ድምፅ የሚፈልግ ሰው በስላሽ ስም ወደሚወጡት ሌስ ፖሎች ይሂድ፤ የክራቸው ርዝመት 628 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በእኩል ክር ላይ ውጥረቱ በ6 በመቶ ያህል ያንሳል፣ ቤንድም ይቀልላል። እግረ መንገዴን፣ በ1987 በወጣው የጋንስ ኤንድ ሮዝስ የመጀመሪያ አልበም ላይ ስላሽ የተጫወተበት ሌስ ፖል ጊብሰን የሠራው ሳይሆን የአንድ ጊታር ሠሪ የእጅ ቅጂ ነበር፤ ይህ ስለ ስምና ስለ ድምፅ ግንኙነት የሚነግረን አለ። ፈጣን ሶሎና የትሬሞሎ ጥልቀት ለሚፈልግ ሰው ስቲቭ ቫይ ከአይባኔዝ ጋር በ1987 ያወጣው ጄም አለ፤ 24 ፍሬት፣ ክሩን የሚቆልፍ ትሬሞሎ፣ 430 ሚሊሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሲኖረው የመጨረሻዎቹ አራት ፍሬቶች መሐል እንጨቱ ተቦርቡሯል። በግማሽ ክፍት ጊታር ሞቅ ያለ ድምፅ የሚወድና በድምፅ ማጉያ ጩኸት የተማረረ ሰው በ1980 የወጣውን የቢ.ቢ. ኪንግን ሉሲል ይመልከት፤ የአካሉ ቀዳዳዎች ሆን ተብለው ተዘግተዋል፣ ኪንግ ቀደም ሲል ጨርቅ እየወተፈ የሚፈታውን ችግር ፋብሪካው ፈታለት። እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ደግሞ የብሪያን ሜይ ሬድ ስፔሻል ቅጂዎች 610 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ የክር ርዝመት አላቸው፤ እያንዳንዱ ፒክአፕ የራሱ ማብሪያና የፌዝ (የምልክቱን አቅጣጫ የሚገለብጥ) መቀየሪያ ስላለው ግን ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሲሞከር

ጊታሩን ለመሞከር የሚሄድ ሰው የሚያውቀውን ክር ውፍረት ይጠይቅ፤ በሱቁ ጊታር ላይ የታሰረው ክር ሌላ ከሆነ የሚሰማው የእጅ ስሜት ያሳስተዋል። መጀመሪያ ሳይሰካ ይጫወት። በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ፣ በተለይም ከ12ኛው በላይ በሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ፣ የአንድ ቶን ቤንድ እየጎተተ ድምፁ የሚታፈንበት ቦታ ካለ ይለይ፤ ካለም ክሩ በጣም ዝቅ ስላለ ነው ወይስ ፍሬቱ ስለተዛባ የሚለውን ይጠይቅ። ከዚያ አምፑን በሚያውቀው መጠን ከፍቶ የድምፅ ማዞሪያውን ከአስር ወደ አራት ያውርድ፤ ድምፁ ሲቀንስ ጥራቱ የቱን ያህል አብሮ እንደሚወርድ ከማንኛውም የወረቀት መግለጫ በላይ ስለ ጊታሩ ይነግረዋል። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ፣ ሃያ ደቂቃ ደግሞ በማንገቻ ቆሞ መጫወት ያስፈልጋል፤ የቪ አንገት በተለይ ቁጭ ሲሉና ሲቆሙ የሚሰጠው ስሜት ይለያያል፣ የእጅ አንጓው ማዕዘን ስለሚቀየር።

አገልግሎት ላይ የዋለ የክላፕተን ሞዴል የሚገዛ ሰው ሽፋኑን አስከፍቶ ፒክአፖቹን ይመልከት፤ በሌስ ሴንሰርና በኖይዝለስ መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት በአንድ ስም ሁለት ጊታር እንዳለ የሚያስቆጥር ነው፣ የባትሪው ቤትም ፈሳሽ ፈስሶበት የዛገ አለመሆኑን ያረጋግጥ። በቮን ሞዴል ላይ የሚታየው የፍሬቶቹ ቁመት ነው፤ ወፍራም ክር ታስሮበት ለዓመታት ቤንድ የተጎተተበት ጊታር ከ5ኛው እስከ 12ኛው ፍሬት ድረስ ጎድጎድ ብሎ ይገኛል፣ ፍሬት ማስቀየር ደግሞ ከመግዣው ዋጋ ጋር ተደምሮ መታሰብ ያለበት ወጪ ነው።